የተተከለው ዛፍ የማን ነው?
በየቡ አካባቢ አገር በቀል ደንን መልሶ ስለ ማልማት

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ የማና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው የቡ ትገኛለች። መንገደኛ በመኪና መስኮት ግራና ቀኙን ሲመለከት አገሩ ሁሉ ደን የለበሰ መስሎ ይታየዋል። ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብሳናውና ቢርቢራው ከላይ ጥላውን ዘርግቶ፣ ቡናው ከሥሩ ተደርድሮ ሲታይ፣ እዚህ አገር ደን መልሶ ማልማት ምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ከመኪናው ወርዶ ወደ ቡናው የገባ ሰው ሌላ ነገር ይመለከታል። ከላይ የቆመው ዛፍ አያት ነው፤ ከሥሩ ግን ልጅም የልጅ ልጅም የለም። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ቡናው ሲታረምና ከለቀማ በፊት ሥሩ ሲመነጠር፣ ከዛፉ ፍሬ የበቀለው ችግኝ ከአረሙ ጋር አብሮ ይታጨዳል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ዛፍ ጠልቶ ሳይሆን ለቡናው አስቦ ነው። ነገር ግን አያቱ በዕድሜ ወይም በመጥረቢያ ሲወድቅ የሚተካው አይኖርም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ደኖች ላይ ጥናት ያደረጉ ባለሙያዎች ያስተዋሉትም ይህንኑ ነው። ቡናው እየተጠረገ በተያዘ ቁጥር እንደ ቀረሮ ያሉት የጥንቱ ደን ታላላቅ ዛፎች እየመነመኑ፣ ቶሎ የሚያድጉትና ለጥላ የሚመረጡት ጥቂት ዓይነቶች ብቻ እየቀሩ ይሄዳሉ።

እንግዲህ በየቡ ዙሪያ ያለው የደን ሥራ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በቡናው ውስጥ ተተኪ ዛፍ ማቆየት ነው። ሁለተኛው የተራቆተውን ዳገት፣ የወንዝ ዳርና የጋራ ግጦሽ መሬት በአገር በቀል ዛፍ መልሶ ማልበስ ነው። የሁለቱም ሥራ ፍጻሜ የሚንጠለጠለው ግን በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም የተተከለው ዛፍ የማን ነው የሚለው ነው።

ካለፈው ዘመን የተገኘ ትምህርት

የገበሬ ማኅበር ደንን በአደራ እንዲይዝ መደረጉ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ለገበሬ ማኅበራት ከሰጣቸው ተግባሮች አንዱ በክልላቸው የሚገኘውን የሕዝብ ንብረት፣ በተለይም አፈርን፣ ውኃንና ደንን መጠበቅ ነበር። ዛሬ በመንግሥት አጠራር የገጠር ቀበሌ ቢባልም በሰው አፍ ገበሬ ማኅበር የሚለው ስም እንዳልጠፋ ሁሉ፣ ያ አደራም አብሮ አለ።

ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ ባሉት ዓመታት በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች እርከን ተሠራ፤ ዳገት ተከለለ፤ እጅግ ብዙ ችግኝ በማኅበር ጉልበት ተተከለ። ብዙው ሥራ የተካሄደው ገበሬው ለጉልበቱ እህልና ዘይት እየተከፈለው ነበር። ሆኖም ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጠው፣ ገንዘቡም ለማን እንደሚውል በግልጽ የተነገረው ገበሬ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሰው በገዛ እጁ የተከለውን ዛፍ «የመንግሥት ዛፍ» እያለ ይጠራው ነበር።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ሲለወጥ የዚህ አጠራር ውጤት ታየ። በብዙ አካባቢ የማኅበር ደን በአጭር ጊዜ ውስጥ ተጨፍጭፎ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ዋለ። የብዙ ዓመት ድካም በአንድ በጋ ሄደ። መጥረቢያውን ያነሣው ሰው ከሌላ አገር የመጣ ጠላት አልነበረም፤ አንዳንዱ ችግኙን ራሱ የተከለ ገበሬ ነበር። የማንም ያልተባለ ነገር ጠባቂ ያጣ ዕለት ለቀደመ ይሆናል። ዛሬ ችግኝ የሚያስተክል የማኅበር መሪ ሁሉ ይህን ሊዘነጋው አይገባም።

የተከላ ቀንና ማግሥቱ

የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ሐምሌ 22 ቀን በዚያው ዓመት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጿል። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ መትከል በከተማም በገጠርም የተለመደ ሆኗል። ዘመቻው ችግኝን እስከ መንደር አድርሷል፤ ወጣቱንም ሽማግሌውንም አነሣሥቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በሐምሌ የተቆጠረው ችግኝ በሚያዝያ ካልተቆጠረ ሥራው ግማሽ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። በሁለት ሜትር ርቀት ችግኝ ቢተከል አንድ ሄክታር 2,500 ጉድጓድ ይይዛል። በመጀመሪያው በጋ ግማሹ ቢሞት ሪፖርቱ 2,500 ሲል ዳገቱ 1,250 ይላል። በሁለተኛው ዓመት ከብት ገብቶ ከቀረው ግማሹን ቢበላው 625 ይቀራል። በሦስተኛው ክረምት እዚያው ቦታ ላይ እንደ አዲስ ሌላ 2,500 ቢተከልና ቢመዘገብ፣ በወረቀት ላይ ያለው ደን ከመሬቱ በላይ ይሆናል ማለት ነው።

ችግኝ የሚሞትባቸው ምክንያቶች ለገበሬ እንግዳ አይደሉም። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ዘግይቶ ይተከላል። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ ይቀበራል። ጉድጓዱ ጥልቀት ስለሚያንሰው ሥሩ ተጣጥፎ ይቀራል። ተካዩ ከሄደ በኋላ አረም ይውጠዋል። በጋ ሲገባ ደግሞ ልቅ ግጦሽ ይጨርሰዋል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። ሁሉም የሚጠይቁት ጠያቂ ሰው ነው፤ ጠያቂ የሚኖረው ደግሞ ዛፉ ባለቤት ሲኖረው ነው።

የበለጠ ጌራ ተሞክሮ

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በጅማ ዞን፣ በሸቤ ሶምቦና በጌራ ወረዳዎች የሚገኘው የበለጠ ጌራ ደን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ድጋፍ በአሳታፊ የደን አስተዳደር ዘዴ ሲሠራበት ቆይቷል። በደኑ ውስጥና በዙሪያው የሚኖሩ ገበሬዎች በኦሮምኛ ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና፣ በአጭሩ ዋቡብ የሚባል የደን አስተዳደር ማኅበር አቋቋሙ።

አሠራሩ ግልጽ ነበር። አስቀድሞ ገበሬውና የመንግሥት ባለሙያው አብረው በእግር እየዞሩ የደኑን ወሰን ለዩ። ቀጥሎ አባላት ተመዘገቡ፤ መተዳደሪያ ደንብ ወጣ። በመጨረሻም ከመንግሥት ጋር ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት አባላቱ የጫካውን ቡናና ማር የመጠቀም መብት ሲያገኙ፣ ደኑን የመጠበቅና ያለ አግባብ እንዳይመነጠር የመከላከል ግዴታ ገቡ። የጫካው ቡናም ሬንፎረስት አላያንስ ከተባለው ድርጅት የምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ በቃ።

ውጤቱን ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች ከሳተላይት በተነሡ ምስሎች መርምረው በ2004 ዓ.ም. አሳትመዋል። በማኅበር የተያዙት ደኖች ከተመሠረቱ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ስፋታቸው በመቶ 1.5 ሲጨምር፣ ማኅበር ያልተቋቋመባቸው ደኖች በመቶ 3.3 ቀንሰዋል። ይህ ቁጥር ለደን ጥበቃ ወረቀትና ውል ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳያል።

ሆኖም ጥናቱ አንድ የማይሸሸግ ነገርም አመልክቷል። ማኅበሩ በተመሠረተበት በዚያው ዓመት የማኅበር ደኖች ማኅበር ከሌላቸው የበለጠ ተመንጥረዋል። ተመራማሪዎቹ የጠረጠሩት ምክንያት፣ ወሰን ሊደረግና ክልከላ ሊመጣ ነው የሚለውን ወሬ የሰማ ሰው ሳይቀደም ለመቅደም መጣደፉን ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለማኅበር መሪዎች ትልቅ ነው። በስብሰባ ላይ ስለ ክልል ተነግሮ ወሰኑ ለዓመት ካልተለየ፣ ንግግሩ ራሱ መጥረቢያ ያስነሣል። ከተነገረ በኋላ ወሰኑን ፈጥኖ መለየት፣ ጥበቃውንም በዚያው ሰሞን ማቆም ያስፈልጋል።

ሳይተከል የተመለሰ ደን

ከጅማ ወጣ ብሎ በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተሞክሮ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። በሁምቦ ወረዳ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ተይዞ እንዲያገግም ተደርጓል። የሥራው ዋና ክፍል ችግኝ መትከል አልነበረም። ተራራው ከከብትና ከማገዶ ለቃሚ ተከለለ። ለዓመታት ሲቆረጥ የኖረው ጉቶ ሥሩ ስላልሞተ አዲስ ቀንበጥ አወጣ። ገበሬዎቹም ከየጉቶው ጠንካራውን ቀንበጥ መርጠው ሌላውን እየገረዙ ዛፍ አደረጉት።

ይህ ሥራ በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት መርሐ ግብር ተመዝግቦ፣ ደኑ ከአየር ለሚስበው ካርቦን ክፍያ አግኝቷል፤ ገንዘቡም ለማኅበራቱ ደርሷል። እዚህም ላይ የሥራው መሠረት ማኅበራቱ በደኑ የመጠቀም መብታቸው በጽሑፍ መረጋገጡ ነበር።

በየቡ ዙሪያ ያሉ የማኅበር መሪዎች ከዚህ የሚወስዱት ቁም ነገር፣ ለአንድ ዳገት ችግኝ ከመጠየቃቸው በፊት በቦታው ምን ያህል ሕያው ጉቶ እንዳለ ማየት ነው። የጅማ አገር ዝናብ የበዛበት ነው። ከብት ካልገባበት ብዙ ቦታ ራሱን ይመልሳል። ችግኝ የሚያስፈልገው ጉቶውም ዘሩም ጨርሶ በጠፋበት ስፍራ ነው።

የትኛው ዛፍ፣ ከየትኛው ዘር?

አገር በቀል ዛፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። በየቡ አካባቢ ከሚታወቁት ውስጥ በኦሮምኛ አምበቤሳ የሚባለው ሰሳ፣ ቢርቢራና ግራር የጥራጥሬ ዘመዶች በመሆናቸው መሬቱን ያዳብራሉ፤ ለቡና ጥላም ተስማሚ ናቸው። ወዴሳ የሚባለው ዋንዛ ጣውላው ውድ ነው፤ አበባውን ንብ ይወደዋል። በካኒሳ የሚባለው ብሳና ቶሎ ያድጋል፤ በተራቆተ መሬት ላይ ቀድሞ ገብቶ ለሌላው ጥላ ያዘጋጃል። ቀረሮ፣ ቢርቢርሳ የሚባለው ዝግባ፣ ሆሚ የሚባለው ጥቁር እንጨት ደግሞ የጥንቱ ደን ዋና ምሰሶዎች ሲሆኑ ዕድገታቸው ዝግ ያለ ነው።

በብዙ የችግኝ ጣቢያ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ጥቂት የሚሆኑት በዘራቸው ጠባይ ምክንያት ነው። የጥቁር እንጨትና የቀረሮ ዘር እንደ ስንዴ በጎተራ አይቀመጥም፤ ከተለቀመ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ዘሩ ከሩቅ ተገዝቶ የሚመጣ ሳይሆን ከአካባቢው እናት ዛፍ ተለቅሞ፣ ሥጋው ታጥቦ ወዲያው የሚዘራ ነው። የዝግባ ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ በመሆኑ በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ ለመብቀል ወራት ይፈጅበታል። የዋንዛ ፍሬ የሚያጣብቀው ሥጋው በአሸዋ ታሽቶ ከተወገደ በኋላ ይዘራል። ሰሳ፣ ቢርቢራና ብሳና ትኩስ ዘር ከተገኘ ብዙ አያስቸግሩም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀልለው ግን በየዓመቱ ከአረም ጋር የሚታጨደው ችግኝ ነው። በቡናው ሥር፣ በእናት ዛፉ ጥላ ውስጥ የበቀለው ቡቃያ ያለ ዋጋ የተገኘ ሀብት ነው። ዝናቡ በርከት ሲል ገና በትንሽነቱ ከነአፈሩ ተነሥቶ በፕላስቲክ ውስጥ ጥቂት ሳምንት በጥላ ሥር ቢቆይ ለተከላ ይደርሳል። በማሳው ላይ እንዲቀር የተፈለገው ደግሞ ከምንጠራው በፊት በአጠገቡ ካስማ ቢተከልለት አራሚው አይቶ ያልፈዋል። ለአንድ ማሳ የሚያስፈልገው ካስማ ጥቂት ነው፤ ሁሉም ቡቃያ ዛፍ ይሁን አይባልም። ነገር ግን በየአያቱ ሥር አንድ ተተኪ ቢቀር የደኑ ዘር አይቋረጥም።

ባሕር ዛፍና ጫት ስለ ምን ያሸንፋሉ?

በጅማ ዙሪያ ባሕር ዛፍና ጫት እየተስፋፉ መሆናቸው ለማንም የተሰወረ አይደለም። ገበሬውን ስለዚህ መውቀስ ቀላል ነው፤ ሂሳቡን መመልከት ግን ይበልጥ ይጠቅማል። ባሕር ዛፍ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ለአጠናና ለምሰሶ ይደርሳል። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይሸጣል። ዋንዛ ለጣውላ የሚደርሰው ልጅ አድጎ ጎጆ በሚወጣበት ዕድሜ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ባሕር ዛፍ የተከለ ገበሬ ያለ ብዙ ጥያቄ ይቆርጣል፤ ይሸጣል። አገር በቀል ዛፍን ግን ከጥፋት ለማዳን ሲባል ሕጉ ጥብቅ ሆኖ ኖሯል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ዓላማው በጎ ነው። ነገር ግን ገበሬው ከገዛ ማሳው የቆረጠውንም የዋንዛ ግንድ ከጫካ ያልሰረቀው መሆኑን ለማስረዳት የሚመላለስ ከሆነ፣ ዋንዛ መትከል ራስን ለፈቃድ መዳረግ ይመስለዋል። ዛፉን ለመጠበቅ የወጣ ጥብቅነት ዛፉ እንዳይተከል ያደርጋል ማለት ነው።

በጥር 2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 በዚህ ረገድ አንድ በር ከፍቷል። ደን በመንግሥት ብቻ ሳይሆን በግለሰብ፣ በማኅበርና በማኅበረሰብ ሊያዝ እንደሚችል ደንግጓል። ይህ መብት ግን በአዋጅ ላይ ስለ ተጻፈ ብቻ በየቀበሌው ሥራ ላይ አይውልም። የማኅበሩ ደን ወሰኑ ተለክቶ፣ አባላቱ ተመዝግበው፣ የተከለው ሰው ዛፉ በስሙ ተጽፎለት ሲገኝ ነው የሚጸናው።

ለፈጣን ገቢ የሚሆን ባሕር ዛፍ ለእርሻም ለምንጭም በማይሆን ጠርዝ ላይ ሊቀር ይችላል። ምንጭ ዳርና የቡና ማሳ ግን የአገር በቀል ዛፍ ቦታ ነው። ንብ ማነብ ደግሞ ዋንዛው እስኪደርስ ያለውን የጥበቃ ዓመት ያሳጥራል። ብሳናም፣ ገተሜም፣ ዋንዛም አበባቸው ለማር ነው። ቀፎ የሰቀለ ገበሬ ዛፉን ሳይቆርጠው በየዓመቱ ይበላበታል።

ገበያውና አየሩ

የዚህ ሥራ ትርፍ ለደኑ ብቻ አይደለም። የየቡ ቡና የሚሸጥበት የዓለም ገበያም ስለ ደን መጠየቅ ጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት በግንቦት 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ መሠረት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ አገሮች አይገባም። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ይህ የመለያ ቀን አልተለወጠም። ማሳውን በወሰንና በመዝገብ ማሳየት የሚችል ማኅበር ለዚህ ጥያቄ መልስ ይኖረዋል፤ የማይችለው ደግሞ ያልመነጠረውን ሳይቀር ሊጠየቅበት ይችላል።

አየሩም እየተለወጠ ነው። በ2009 ዓ.ም. የታተመ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ባለሙያዎች ጥናት፣ ተገቢው እርምጃ ካልተወሰደ በያዝነው የፈረንጆች ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የአገሪቱ መሬት በመቶ ከ39 እስከ 59 የሚሆነው ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። የጥላ ዛፍ የቀኑን ሙቀት ያበርዳል፤ የወደቀው ቅጠል የአፈሩን እርጥበት ይይዛል። ሙቀቱ ሲጨምር ለቡናው ቅርብ ያለው መከላከያ ይኸው ነው።

በ1963 ዓ.ም. ገደማ የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገብቶ ብዙ ማሳ ባጠፋ ጊዜ መድኃኒቱ የተገኘው ከውጭ አልነበረም። ከከፋና ከኢሉባቦር ከተሰበሰቡ የቡና ዛፎች መካከል በሽታውን የሚቋቋሙት በጅማ መልኮ የምርምር ጣቢያ ተፈትነው ተመረጡ። 741፣ 74110 እና 74112 በሚል ቁጥር የሚታወቁት ዝርያዎች የዚያ ውጤት ናቸው። ቡና ከነልዩ ልዩ ዘመዶቹ በዱር የሚገኘው በዚህ ደን ሥር ነው፤ ደኑ ሲጠፋ ነገ ለሚመጣው በሽታ የሚፈለገው ዘርም አብሮ ይጠፋል።

ከማኅበር መሪዎች ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ችግኝ ከመቀበል በፊት ቦታውን መለየትና በሽማግሌዎች ፊት ወሰኑን መዞር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ዛፉ የማን እንደ ሆነ፣ ሲደርስ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ሣሩንና ደረቅ እንጨቱን ማን እንደሚወስድ በመተዳደሪያ ደንብ መጻፍና ለሁሉም አባል ማንበብ ይገባል። የሴቶችን ድምፅ በዚህ ጊዜ መስማት ግድ ነው። ማገዶ የሚሸከሙት እነርሱ በመሆናቸው፣ ክልሉ ማገዶ የሚለቀምበትን መንገድ ካልተወላቸው ደንቡ በማግሥቱ ይጣሳል። ሦስተኛ፣ ከብት የሚሰማራበትን ሌላ ቦታ ወይም ሣር አጭዶ የመመገብን ዘዴ አስቀድሞ መወሰን ነው። አራተኛ፣ የእናት ዛፎችን ዝርዝር መያዝ፣ ከእነዚህም ዘር የሚለቅም ሰው መመደብ ነው። አምስተኛ፣ ቆጠራው በሐምሌ ብቻ ሳይሆን ክረምቱ እንደ ወጣ በመስከረም፣ በጋው እንዳለፈ ደግሞ በሚያዝያ መደረግ አለበት። የሞተው በሚቀጥለው ክረምት ይተካል፤ ይህም እስከ ሦስተኛው ዓመት ይቀጥላል።

ለወረዳ የሚላከው ሪፖርትም ቢሆን የተተከለውን ብቻ ሳይሆን በሕይወት ያለውን ቁጥር ቢይዝ መሪውን አያሳፍርም። ከ2,500 ችግኝ 1,800 አጽድቄያለሁ፣ የሞተው 700 ነው፣ ምክንያቱም ይህ ነው ብሎ የሚጽፍ ማኅበር፣ 2,500 ተክያለሁ ብሎ ዝም ካለው ማኅበር ይልቅ ሥራውን ያውቃል።

በየቡ ኮረብታዎች ላይ ዛሬ ጥላ የሚሰጠው ዋንዛ በዘመቻ የተተከለ አይደለም። አንድ ገበሬ በጊዜው ሲያርም አይቶት፣ ይህ ይቅር ብሎ ያለፈው ቡቃያ ነው። ያ ገበሬ የተወው ለራሱና ለልጁ መሆኑን ያውቅ ነበር። ዛሬም በጋራ መሬት ላይ ያለው ችግኝ የሚጸድቀው፣ እያንዳንዱ አባል በአጠገቡ ሲያልፍ እንደዚያው «ይህ የኛ ነው፤ ይቅር» ለማለት የሚያበቃው መብት በእጁ ሲኖር ነው። መጪው ክረምት ከመግባቱ በፊት የማኅበር መሪዎች መጀመሪያ የሚያዘጋጁት ጉድጓድ ሳይሆን ይህ ውል ሊሆን ይገባል።